ፓኬትን በርዝመቱ ማገድ፦ ጥቅሙና ጣጣው

ስለ ፋየርዎል ስንማር በብዛት የምንሰማው ስለ አድራሻና ስለ ፖርት ነው። ፓኬትን በርዝመቱ ብቻ ለይቶ ማገድ እንደሚቻል ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በዚህ አጭር ጽሑፌ ዘዴውን፣ በተለይም ጣጣውን፣ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመርሳ ልጅ ስለሆንኩ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው የጭነት መኪና በከተማችን በኩል ያልፋል። አንድ የኬላ ጠባቂ ሸራ ሳያስፈታ መኪናውን በሜትር ብቻ እየለካ "አንተ እለፍ፣ አንተ ቁም" ይላል እንበል። ሥራው ይፈጥናል፤ የተጫነው ብርቱካን ይሁን ኮንትሮባንድ ግን አያውቅም። የፓኬቱም ነገር ያው ነው። ርዝመቱ በአይፒ ሄደሩ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ፋየርዎሉ ውስጡን ማየት አያስፈልገውም። ሸራ አስፈትቶ ማየት ሌላ ዘዴ ነው። የቶር ፕሮጀክት በግንቦት 2004 ዓ.ም. በአገራችን ተጀመረ ብሎ የዘገበው የቶር እገዳ የዚህኛው ዓይነት ነበር።

በሊኑክስ አይፒቴብልስ ውስጥ ሌንግዝ የሚባል ሞጁል አለ። አንድ ቁጥር፣ ወይም "ከዚህ እስከዚህ" የሚል ወሰን ይሰጡታል። በአይፒቪ4 የሚቆጥረው ጠቅላላውን ርዝመት ነው፣ ሄደሩን ጨምሮ። የዊንዶውስ ፒንግ 32 ባይት ዳታ ይይዛል፤ 8 የአይሲኤምፒና 20 የአይፒ ሄደር ሲጨመርበት 60 ይሆናል። የሊኑክሱ 56 ስለሚይዝ 84 ይመጣል። ስለዚህ 32 ብሎ ሕግ የጻፈ ሰው አንድም ፒንግ አይዝም።

ዘዴው በደንብ የተፈተነው በ1995 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር ስላመር የተባለው ትል በዩዲፒ ፖርት 1434 በኩል እያንዳንዳቸው 404 ባይት በሆኑ ፓኬቶች ዓለምን አዳረሰ። በነሐሴ ደግሞ ናቺ መጣ። ይሄኛው የሚያጠቃውን ኮምፒዩተር የሚፈልገው 92 ባይት በሆነ የፒንግ ጥያቄ ነበርና ኔትወርኮችን አጨናነቀ። ሲስኮ ራውተሩ ልክ 92 ባይት የሆነውን የፒንግ ጥያቄ ለይቶ እንዲጥል መከረ። ጤነኛው ፒንግ 60 ወይም 84 ስለሆነ ምን ችግር አለ?

ችግሩ ትሬስርት ነው። የዊንዶውሱ ትሬስርት 64 ባይት ዳታ ይልካል፤ 64፣ 8 እና 20 ሲደመሩ 92! የትሉ ሆድ የተሞላበት ባይት ከትሬስርቱ ይለያል፤ በሜትር ብቻ ለሚለካው ጠባቂ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በላብ ሁለት ዊንዶውስ መካከል አንድ ሊኑክስ አስቀምጬ ሞከርኩት። ፒንግ ያለ ችግር አለፈ፤ ትሬስርት ግን ኮከብ ብቻ ደረደረ። ሕጉን ያላዩት ጓደኞቼ ኬብል መነቃቀል ጀመሩ! ኔትወርክ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንይዘው መሣሪያ ራሱ ስለታገደ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሊኑክሱ ትሬስራውት በተለመደው አሠራሩ ዩዲፒ ስለሚጠቀም አይነካም።

ከዚህ የባሰው "ትንንሹ ፓኬት ሁሉ ይታገድ" ማለት ነው። የቲሲፒ ባዶ ማረጋገጫ 40 ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከታገደ ግንኙነቱ ሁሉ ይቆማል። በእኔ አስተያየት የርዝመት ሕግ ብቻውን መቆም የለበትም፤ ፕሮቶኮሉ፣ ዓይነቱና ፖርቱ አብረው ይጠቀሱ። ከማገድ በፊትም ሕጉን ያለ ምንም ትእዛዝ ማስገባት ይቻላል፤ አይፒቴብልስ እንዲህ ያለውን ፓኬት ቆጥሮ ያሳልፈዋል። አንድ ቀን አስቆጥሮ ማን እንደሚያዝ አይቶ ከዚያ መወሰን ነው።