የጥቃቅን ፍጥረታት ፎቶግራፍ፦ የጥራትና የብርሃን ትስስር

ማክሮ ፎቶግራፍ በጥብቅ ትርጉሙ የፍጥረቱ ምስል በሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስል በሚፈጥረው የካሜራው ክፍል ላይ፣ ቢያንስ በእውነተኛ መጠኑ የሚያርፍበት አነሣሥ ሲሆን፣ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ንብ በዚህ መጠን ስትነሣ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ሴንሰር ላይ ሲሶውን ትይዛለች። ይሁን እንጂ ምስሉ በጎላ ቁጥር በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት፣ የጥራት ጥልቀት የሚባለው፣ እጅግ ይሳሳል፤ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ (አፐርቸር) 8 ቁጥር ላይ ሲደረግ ይህ ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን የንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል።

ቀዳዳውን ወደ 16 ቁጥር ማጥበብ ጥልቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ የሚገባውን ብርሃን ግን ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል። ከዚህም በላይ ከጠበበ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ እየተበተነ፣ ዲፍራክሽን በተባለው ባሕርዩ፣ መላውን ምስል ያደበዝዘዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ጥራትና ብርሃን ተነጣጥለው ሊታሰቡ አይችሉም፤ ጥልቀት የሚገዛው በብርሃን ነው።

የጎደለውን ብርሃን የሚተካው በአብዛኛው ፍላሽ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ ብልጭታው ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል የእጅንም የነፍሳቱንም እንቅስቃሴ ያግዳል። ሆኖም እርቃኑን የተተኮሰ ፍላሽ በጥንዚዛ አንጸባራቂ ጀርባ ላይ ዝርዝር የሌለው ነጭ ነጥብ ስለሚተው፣ በስስ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ተጋርዶ ወደ ፍጥረቱ መቅረብ ይኖርበታል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ሁሉን ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ፍሬሙን የሞላው ጥቁር ጥንዚዛ ከመጠን በላይ እንዳይነጣ ብርሃኑ መቀነስ፣ ነጭ አበባ ሲሆን ደግሞ መጨመር አለበት።

ልምድ ያላቸው አንሺዎች የሌንሱን ቀለበት በሚፈልጉት መጠን ላይ ካቆሙ በኋላ ትኩረቱን የሚያገኙት ሰውነታቸውን በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ሲሆን፣ መዝጊያውን የሚጫኑት ዓይኑ በጠራበት ቅጽበት ነው፤ የተቀረው አካል ቢደበዝዝም ዓይኑ ከጠራ ምስሉ ሕያው ነው። የውኃ ተርብን የመሰለ ረጅም ፍጥረት ደግሞ ጎኑ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ቢነሣ ያች ስስ ጥልቀት ከራስ እስከ ጅራት ትበቃዋለች።

የትኩረት ቦታቸው ጥቂት በጥቂት የተለያየ ብዙ ምስሎችን በኮምፒውተር ማዋሐድም ይቻላል፤ እንግሊዛዊው ሌቮን ቢስ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን የነፍሳት ናሙናዎች ያነሣው በዚህ ዘዴ ሲሆን፣ ለአንዱ ናሙና በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ተጠቅሟል። እነዚያ ግን የማይንቀሳቀሱ ናሙናዎች ነበሩ። በሕይወት ያለን ነፍሳት ለማደንዘዝ ሲባል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው፤ በንጋት ብርድ ነፍሳት በራሳቸው ስለሚፈዝዙ ማልዶ መውጣት ይበቃል።