ነፋስ የወሰደውን አይመልስም

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በተሰደሩት የአውተር ሄብሪዲስ ደሴቶች ሄብሪዲያን ዌይ የሚባል የብስክሌት መንገድ አለ። በደቡብ ከቫተርሴይ ተነስቶ በሰሜን እስከ ሉዊስ ጫፍ 297 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ 10 ደሴቶችን ባሕሩን አቋርጠው በተሠሩ 6 ጎዳናዎችና በ2 የጀልባ ጉዞዎች ያገናኛል። ርቀቱን ያየ ሰው «በቀን 60 ብሄድ በ5 ቀን አለቀ» ይላል። ነፋሱን ግን አላሰበውም።

አየር ብስክሌተኛን የሚገታበት ኃይል በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነት ካሬ ያድጋል። ወሳኙ ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለን ፍጥነት ሳይሆን ፊታችንን የሚመታው አየር ፍጥነት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንጋልብ በዚያው ልክ የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብን አየሩ በ40 ይመታናል፤ ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ያንን የሚቋቋም ጉልበት ያለው ጥቂት ሰው ስለሆነ ፍጥነታችን ይወርዳል። ሻንጣ ለጫነ ብስክሌት በግምት ሳሰላው፣ በእኩል ጉልበት በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ግን ከ30 ያልፋል።

«ታዲያ ሲመለስ ይካካሳል» የሚል አይጠፋም። አይካካስም። ነፋስ በሌለበት 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ 4 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ነፋስ ግን ሲሄዱ ብቻ ወደ 4 ሰዓት፣ ሲመለሱ ከ1 ሰዓት በላይ፣ በድምሩ ወደ 5 ሰዓት ይሆናል። በዝግታ የምንጓዝበት ጊዜ ረጅም ስለሆነ ትርፉ ኪሳራውን አይሸፍንም። ይባስ ብሎ፣ በትክክል ከጎን የሚነፍስ ነፋስም ይጎትታል፤ በዚሁ ምሳሌ የአየሩን ግፊት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ ከየት ይነሳ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ አየር ዝቅተኛ ግፊት ያለበትን ማዕከል ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል። እነዚህ ማዕከላት አብዛኛውን ጊዜ ከደሴቶቹ በስተሰሜን፣ በአይስላንድ በኩል ስለሚያልፉ ደሴቶቹን የሚመታው በብዛት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው። መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጋለበው ለዚህ ነው። በእርግጥ ነፋሱ ቃል አልገባም፤ በፀደይ ለቀናት ከሰሜን ምሥራቅ ሊነፍስ ይችላል። ዛፍ እምብዛም በሌለበት፣ በተለይ በዩስት ደሴቶች ሜዳማ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ መጠለያ ፍለጋ ከንቱ ነው።

በእኔ አስተያየት የቀን ዕቅድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይያዝ፤ አንድ ቀንም ለትርፍ ይቀመጥ፤ ነፋስ ሲበረታ ጀልባም ይቀራልና። ከደሴቶቹ መካከል በሃሪስና በሉዊስ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ስንቅ ቅዳሜ ይገዛል። ነፋሱ አንድ ውለታ አለው፤ በበጋ ሰውን የሚያሰቃዩት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ነፋስ ባለበት መብረር አይችሉም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ክፍል ነው። ወደ ዋናው ምድር፣ ወደ ኡላፑል የምትመልሰው ጀልባ የምትነሳው ከሉዊስ ከተማ ከስቶርኖዌይ ሲሆን፣ ከሰሜኑ ጫፍ ወደዚያ ለመድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ መመለስ ግድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከኋላ ሲገፋ የነበረው ነፋስ አሁን ከፊት ነው፤ ለዚያ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይተው።