አውቶማቲክ ካምቢዮን በእጅ ስለ ማዘዝ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን ኦቶሞቢል አንዳንድ ሰዎች «ራሱ የሚያስብ መኪና» ይሉታል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ማሰብ የተባለውን ነገር በቀላሉ ለብረትና ለዘይት አሳልፈን መስጠት ስለማንወድ፥ ይህ ካምቢዮ የሚያስበው ምን እንደሆነ፥ ሐሳቡንም ወስደን በእጃችን ብናደርገው ምን እንደሚከተል ለመመርመር ተነሣን። የምህንድስና ጓደኞቻችን በድፍረታችን መሳቅ ከፈለጉ ይሳቁ።

ለምሳሌ የመረጥነው ባለ4 ሊትር ሞተሩን ጂፕ ቼሮኪ ነው። ይህ መኪና ከ1987 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲሠራ፥ አውቶማቲክ የሆነው ኤ ደብልዩ 4 የተባለ የጃፓን ካምቢዮ ነበረው። የቶዮታው ኤ340 ከዚሁ ቤተ ሰብ ስለሆነ የሁለቱ አሠራር በጣም ይቀራረባል።

የጂፑ የማርሽ ዘንግ ዲ፥ 3 እና 1-2 የሚባሉ ሥፍራዎች አሉት። ለሁለተኛ ማርሽ ብቻ የተለየ ሥፍራ ግን የለውም። ነጂው ጭቃ ወይም ድንጋያማ ዳገት ላይ ሁለተኛን ይዞ መቆየት ቢፈልግ፥ ኮምፒዩተሩ በመካከል ገብቶ ወደ አንደኛ ይመልስበታል። በእጅ የማዘዝ ፍላጎት የመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ መኪናውን ወደ ቤት ለማድረስ ብለው የሚሠሩትም አሉ።

ካምቢዮው ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ፖምፓ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ፍሪሲዮኖቹን እየጨመቀ አንዱን ጥርስ ያስይዛል፥ ሌላውን ያስለቅቃል። ዘይቱ በየት በኩል እንዲሄድ የሚወስኑት ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው። ሶሌኖይድ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚንቀሳቀስ ትንሽ የዘይት በር ነው። እነዚህን ሁለቱን ሀ እና ለ እንበላቸው።

የሎጂክ ትምህርት የወሰደ ሁሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እውነትና ሐሰት ሲባሉ አራት መሥመር ያለው ሠንጠረዥ እንደሚወጣ ያውቃል። ካምቢዮው ያንኑ ሠንጠረዥ ነው። ዘንጉ ዲ ላይ እንዳለ፥ ሀ በርቶ ለ ሲጠፋ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ሁለቱም ሲበሩ ሁለተኛ፤ ሀ ጠፍቶ ለ ብቻ ሲበራ ሦስተኛ፤ ሁለቱም ሲጠፉ አራተኛ። ከአንዱ ማርሽ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ምንጊዜም የሚለወጠው አንድ ሶሌኖይድ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ክብ ነው፤ ከአራተኛ ወደ አንደኛም የሚለየው አንድ ሶሌኖይድ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለአራት ሥፍራ ማዞሪያ የሚሠራ ሰው ከ4 በኋላ እንዳይዞር የሚያግድ መቆሚያ ያብጅለት።

ሥራው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ከባትሪው በቁልፉና በፊውዝ በኩል የሚመጣ ሽቦ ወደ ማዞሪያው ይገባል፤ ከማዞሪያው ለሀ አንድ፥ ለለ አንድ ሽቦ ይወጣል። የሶሌኖይዶቹ ሌላ ጫፍ ከካምቢዮው ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የመመለሻ ሽቦ አያሻም። የእያንዳንዱ ተቃውሞ ከ11 እስከ 15 ኦም ስለሆነ በ12 ቮልት የሚስበው 1 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህን ተራ የመኪና ማብሪያ ይችለዋል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የሶሌኖይዱ ጥቅል ሽቦ ወደ ኋላ ብልጭታ ስለሚሰድ፥ ማብሪያው እንዳይቃጠል በየሶሌኖይዱ ላይ አንድ አንድ ዳዮድ ማግባት ይገባል። አዲሶቹን ሽቦዎች ከኮምፒዩተሩ ሽቦዎች ጋር እንዲሁ ማጣመር አደገኛ ነው፤ ወይ ኮምፒዩተሩ ወይ እጃችን ብቻ እንዲያዝ፥ አንዱን ሲያገናኝ ሌላውን የሚያቋርጥ ሪሌ ያስፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ድሉ የኛ ይመስላል፤ ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ ማርሽ መምረጥ ብቻ ሳይሆን እምቢ ማለትም ሥራው ነበር። ነጂው በፍጥነት እየሄደ ዘንጉን ወደ 1-2 ቢጎትት፥ ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱ እስኪበርድ ድረስ አንደኛን አይሰጥም። የኛ ማዞሪያ ግን የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽማል። ማዞሪያው 4 ላይ፥ ማለት ሁለቱም ሶሌኖይዶች ጠፍተው ሳለ፥ ዘንጉ ወደ 1-2 ቢሄድ ዘይቱ በራሱ መንገድ አንደኛን ያስገባል። የአንደኛ ማርሽ ብዜት 2.80 ነው፤ የአራተኛው ግን ከ1 በታች ነው። በአራተኛ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር የነበረውን ሞተር ጎማዎቹ በግድ ከ7,000 ዙር በላይ ሊያዞሩት ይሞክራሉ። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 4,750 ገደማ ላይ መሆኑን ስናስታውስ፥ ምን እንደሚሰበር መተንበይ አያሻም፤ በዝናብ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎች መንሸራተታቸውም ሌላ ጣጣ ነው።

ዘንጉ ዲ ላይ ከሆነ አንደኛና ሁለተኛን የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቆልፍ ፍሪሲዮን ስለሆነ፥ ጎማዎቹ ሞተሩን አይጎትቱትም። ይህ ከጥፋት ያድናል፤ በአንጻሩ ግን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን አይዝም። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንዲይዝለት የሚሻ ነጂ 1-2ን መጠቀም ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ላይ ሳለ የለ ሽቦ ቢበጠስ፥ ሀ ብቻውን ይቀርና መኪናው ሳይታዘዝ አንደኛ ይገባል። በሁለተኛ 3,000 ዙር የነበረው ሞተር ወደ 5,500 ይጠጋል ማለት ነው። የለን ሽቦ በመጠምዘዝ ብቻ የሚያያይዝ ሰው ይህን ሒሳብ ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

ፍጥነቱን እየለካ አንደኛን የሚከለክል ተጨማሪ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን አንዱን ክልከላ በሌላው ላይ እየጨመርን ስንሄድ፥ ነቅለን የጣልነውን ኮምፒዩተር መልሰን እየሠራን መሆናችን ነው፤ ያውም ፋብሪካው ከሠራው ባነሰ ጥንቃቄ።

ይህ ሁሉ የተቻለው የኤ ደብልዩ 4 የዘይት ግፊት ከቤንዚን መስጫው ጋር በገመድ የተያያዘ ስለሆነ ነው፤ እግር ሲጫን ግፊቱ ያለ ኮምፒዩተር ይጨምራል። በ1993 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የጄኔራል ሞተርስ 4ኤል60ኢ ግን ግፊቱንም የሚወስነው ኤሌክትሪክ ነው። እዚያ ኮምፒዩተሩ ሲነቀል ግፊቱ ወደ መጨረሻው ከፍታ ይወጣና ማርሽ በተለወጠ ቁጥር መኪናው በኀይል ይገፋል፤ ተራ ማብሪያም አይበቃውም።

የቀረው ሦስተኛው ሶሌኖይድ ነው። ሥራው ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘውን ኮንቨርተር መቆለፍ ነው። ተቆልፎ ሳለ ነጂው ፍሬን ይዞ ቢቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ሪሌ ያሻዋል። ይህ ሪሌ ሳይገባ ሦስተኛውን ሶሌኖይድ ጨርሶ አለመንካት ይሻላል፤ ሳይቆለፍ የሚሄድ መኪና ቤንዚን ይፈጃል፥ ዘይቱም ይሞቃል እንጂ መስቀለኛ መንገድ ላይ አይጠፋም።