ቅብጥብጥ ልጅ ሁሉ ባለጌ አይደለም

እህቶቻችን፣ የምታሳድጉት ልጅ አልቀመጥ፣ የጀመረውን አልጨርስ ቢል «ባለጌ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባል፣ ትኩረት የሚያሳጣና የሚያቅበጠብጥ የአእምሮ እድገት ችግር ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም፤ ሐኪሙ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመራቸውን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውን ጠይቆ ነው የሚለየው። ስለዚህ ከልጁ ጋር የምትውሉት እናንተ ያያችሁት ይጠቅማል። ለማዳም «ልጅሽ በሽተኛ ነው» ከማለት «እራት ላይ አምስቴ ተነሣ» ማለት ይሻላል። ጸጥ ብላ በሐሳብ የምትጠፋዋን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያስተውላትም።

ከእኛም መካከል ከልጅነቷ ጀምሮ ዕቃ የምትጥል፣ ድስት የምታሳርር አለች፤ አዋቂም ይመረመራል። ግን ሌሊቱን ለአራት ሰዓት ብቻ የምትተኛ ሰው መርሳቷ አያስገርምም፤ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ይህንንም ሳትደብቁ ተናገሩ።