ኩልና የነሐስ ብልቃጡ

ከጥንት መቃብሮችና ከፈራረሱ ከተሞች ከሚወጡ ዕቃዎች መካከል መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ትናንሽ የኩል ማስቀመጫዎች ይገኙበታል። ከ4 ሺህ ዓመታት በፊት በዛሬዎቹ ቱርክሜኒስታንና አፍጋኒስታን የኖሩ ሕዝቦች ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ብልቃጦችን ከነመኳያቸው ከሟች ጋር ይቀብሩ ነበር። በኢራን ኒሻፑር እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮም በመጀመሪያዎቹ የእስልምና ክፍለ ዘመናት የተሠሩ የነሐስ መኳያዎች ተገኝተዋል።

ለመሆኑ ነሐስ ለዚህ ሥራ ምን ያመቸዋል? መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው የተዋሐዱበት በመሆኑ ጠንካራ ነው፤ ሲወለወል ጫፉ ስለሚለሰልስ ዓይን አይቧጭርም። የብልቃጡ ጠባብ አፍ ደግሞ ዱቄቱን ከአቧራ ይጠብቃል።

ኩል ጌጥ ብቻ አልነበረም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ኢስሚድ» የተባለውን ኩል ማወደሳቸውን ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። በዐረብኛ የዓይን ሐኪም «ከሓል» ይባል ነበር፤ ኩል የሚኩል ማለት ነው። የባግዳዱ ከሓል ዐሊይ ኢብኑ ዒሳ ስለ ዓይን ሕመም የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ዘመናት የሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ውድ አንባቢያን፣ ስም አንድ ነገር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኢስሚድ አንቲሞኒ የተባለው ማዕድን መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ። ዛሬ በየገበያው ኩል ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት ግን ብዙውን ጊዜ ጋሌና፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ አንድ ሕፃን በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘበት። ምክንያቱ ሲጣራ ከናይጄሪያ የመጣ የዓይን ኩል ሆነ፤ ከክብደቱ 82.6 በመቶው እርሳስ ነበር።

ሕፃን ዓይኑን አሽቶ እጁን አፉ ይከታል፤ እርሳሱም በዚያው ወደ ሆዱ ይገባል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል።

እናቶችና እህቶች ሆይ! «ኢስሚድ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ወይም ከተቀደሰ አገር መጣ ስለተባለ ብቻ አትመኑ። ምንነቱ ያልተመረመረ ኩል በጨቅላ ዓይን ላይ አይደረግ፤ ተደርጎ ከሆነም ለሐኪም ንገሩና ደሙ ይመርመር። ሱናን መውደድና ልጅን ከጉዳት መጠበቅ አይጣሉም፤ ልጁም ከአላህ የተሰጠን አደራ ነው።