ትኩረት የሚያንሳቸውንና የሚቁነጠነጡ ሕፃናትን በመደበኛ ክፍል ስለ ማስተማር

መግቢያ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር መምህር፣ ተቀመጥ ሲባል የሚነሣ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ የሚነካካ፣ ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልስ ሕፃን ሳያጋጥመው አይቀርም። እንዲህ ያለው ሕፃን ብዙውን ጊዜ «ባለጌ» ይባላል፤ ይቀጣል፤ ከክፍል ይባረራል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ትቶ ወደ ከብት ጥበቃው ሊመለስ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃኑ ከክፍል ሳይወጣ የሚማርበትን መንገድ ማመልከት ነው።

1. የእክሉ ምንነት

የትኩረት ማነስና የመቁነጥነጥ እክል የስንፍና ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት አይደለም፤ ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘና በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ሕፃናት ገልጾ ነበር። የዛሬውን ስያሜ ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ እክሉ እንዳለባቸው ይገመታል። ይህም 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል ሳይቁነጠነጡ በሐሳብ የሚዋጡ አሉ፤ በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ ምክንያት ሳይታወቁ ይቀራሉ።

2. ከሌሎች ችግሮች ስለ መለየት

በደጋው ብርድ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ክፍል የገባ ልጅም ሐሳቡ ይበተናል። የዓይን፣ የጆሮና የእንቅልፍ ችግርም እንዲሁ። እክሉ አለ የሚባለው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምሩ፣ ቢያንስ 6 ወር ሲቆዩና በትምህርት ቤትም በቤትም ሲታዩ ነው። ስለሆነም መምህሩ ያየውን በማስታወሻ ይመዘግባል፣ ወላጆችን ያነጋግራል እንጂ በሽታ አይሰይምም፤ ይህ የሐኪም ድርሻ ነው።

3. በክፍል ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

ሀ) ሕፃኑን ከበርና ከመስኮት አርቆ በፊተኛው ረድፍ ማስቀመጥ፤
ለ) ትእዛዝን በአጭሩ፣ አንድ በአንድ መስጠትና ማስደገም፤
ሐ) ረጅሙን መልመጃ ከፋፍሎ መስጠት፣ የተሠራውን ወዲያው አይቶ ማመስገን፤
መ) ሰሌዳ እንዲያጠፋ፣ ደብተር እንዲያድል በማድረግ ሰውነቱን በሥራ ማንቀሳቀስ፤
ሠ) ረጋ ካለ ጓደኛ ጋር አጣምሮ ማስቀመጥ።

የመጨረሻው ዘዴ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በየኔታ ዘንድ የቀደመው ተማሪ ተከታዩን ያስቀጽላል፤ ሁሉም በየራሱ ደረጃ ይጓዛል። ከዚያ ሥርዓት ሊወረስ የሚገባው ይህ እንጂ አለንጋው አይደለም፤ ልጁ ሊገታው ያልቻለውን ጠባይ ግርፋት አያርመውምና።

4. የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንዲማሩ ደንግጓል። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተከትሏል። ይሁን እንጂ ዓይነ ስውርነትንና መስማት አለመቻልን መገንዘብ ሲቀል፣ ይህ እክል ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ በቀላሉ ይዘነጋል። ስለዚህ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ሊካተትና በጉድኝት ማእከላት ውይይት ሊደረግበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም፤ ሌሎቹንም ተማሪዎች ይጠቅማሉ። የሚጠይቁት መምህሩ «ይህ ልጅ ለምን አይታዘዝም?» ከማለት አስቀድሞ «ምን ቢመቻችለት ይማራል?» ብሎ እንዲጠይቅ ብቻ ነው።