ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት
በ1964 እ.ኤ.አ. በካዲላክ የወጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ የተባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለበት አሮጌ መኪና ቀይ ዘይት ቢያንጠባጥብ፣ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚለውን መካኒክ ቶሎ እሺ አትበሉት። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የሚንጠባጠብበት ሁሉ የሚያፈሰው ቦታ አይደለም። ሥሩን አጥባችሁ አድርቁ፤ መኪናውን ጥቂት ነድታችሁ ካቆማችሁ በኋላ ከሁሉ በላይ የረጠበውን ስፍራ ፈልጉ።

መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከሆነ፣ በኮንቨርተሩ ያለው ዘይት ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ይወርዳል፤ መጠኑም ከፍ ሲል በማርሽ መለወጫው ዘንግ ባረጀ ጎማ በኩል ይወጣል።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ዘይቱ የጎደለ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ከካምቢዮው ጎን ያለውን ቫክዩም ሞዱሌተር ፈትሹ። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ከተገኘ ስሱ ሽፋን ተቀዷል፤ ሞተሩም ዘይቱን እየመጠጠ ነጭ ጭስ ያደርገዋል። ይኸ ዕቃ የተያዘው በአንድ ቡሎን ብቻ ነው።